ከጠረጴዛው ሥር የፈታኋቸው ቋጠሮዎች

ሰኞ፣ ኅዳር 3

እማዬ ሄደች። አክስቴ ደረጃ ስትወርድ እግሯ ተሰብሮ ልታስታምማት። ሁለት ሳምንት፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ... በሩ ላይ ቆማ ስለ ምግቡ፣ ስለ ውሃው፣ ስለ ልብሱ አንድ ሰዓት ሙሉ አስጠናችኝ። ለአባባ ደግሞ በጆሮው የሆነ ነገር አለችው። «እሺ አልኩሽ እኮ» አላት። ምን ብላው ይሆን? በዚህ ዕድሜያቸው ሹክሹክታ...

ዛሬ ጉድ ሆንኩ። ሥራዬ የተቀዳ ድምፅ እየሰማሁ መጻፍ ስለሆነ ማንም አያየኝም። በሳምንት አንዴ ግን ካሜራ ከፍተን እንሰበሰባለን። ኮምፒውተሬን ላስተካክል ብዬ ሳነሳው የጠረጴዛውን ሥር ወለል አድርጎ አሳየ። አለቃዬ፣ «አንቺ፣ እሱ ምንድን ነው? የእባብ ጉድጓድ ነው?» ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፣ ከጥርሴ።

እውነቷን ነው። ጠረጴዛው የአባባ ነው፤ ግማሹን ከወሰድኩበት ሁለት ዓመቴ። ሥሩ የራዲዮው፣ የመብራቱ፣ የስልክ ቻርጀሩ፣ የቬንትሌተሩ፣ የኮምፒውተሬ፣ የዋይፋዩ ገመድ... ግማሹ ተቋጥሮ፣ ግማሹ ክር ተጠምጥሞበት፣ አንዱ ላይ እንዲያውም የአሮጌ ካናቴራ ቅዳጅ ታስሮበት። አባባ ደግሞ ሠላሳ ስምንት ዓመት የሰው ቤት መብራት ሲዘረጋ የኖረ ኤሌክትሪሺያን ነው። የኤሌክትሪሺያን ቤት እንዲህ ሲሆን አያሳፍርም?

ረቡዕ፣ ኅዳር 5

ከታች ሱቅ ያላት ልብስ ሰፊ መጣች። አንድ ሶኬት እምቢ ብሏታል። «ጋሼ፣ ዛሬ ብቅ ቢሉልኝ።»

«ባለቤቴ ትምጣ» አላት አባባ።

ባለቤቱን ምን አገባት? ልጅቷ ከሄደች በኋላ ጠየቅኩት። «መሰላል የሚይዝልኝ የለም» አለኝ። ሶኬቱ ያለው ከወለሉ አንድ ክንድ ከፍ ብሎ ነው። በርጩማ እንኳ አያስፈልገውም።

«እኔ ልያዝልህ?»

«አንቺ ሥራ አለሽ።»

እማዬ ባትሪ ይዛ ካላበራችለት አይሠራም። ይኸው አራት ዓመት ሊሆነው ነው። ጎረቤቱ «ሙሽሮቹ» ነው የሚላቸው። እኔም አብሬ እስቃለሁ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 8

ተገላገልኩ!

ስልኬ ላይ አንዲት ሴትዮ እንዴት እንደምታደርገው ሦስት ጊዜ አየሁ። ክዳን ያለው ነጭ ሳጥን፣ አንድ እሽግ የፕላስቲክ ማሰሪያ፣ አራት ሰዓት ሙሉ በእንብርክክ። መጀመሪያ ሁሉንም ነቀልኩ። ከዚያ ቋጠሮ መፍታት... የመብራቱ አንድ ቋጠሮ፣ የራዲዮው ሁለት። የሁለተኛውን በጥርሴ ነው የፈታሁት፣ ምን አስጠበቀው? ክሮቹን በምላጭ። ቬንትሌተሩ ላይ የነበረውን ጨርቅ በመቀስ ቆርጬ ቆሻሻ ውስጥ ጣልኩት።

ማከፋፈያው ስድስት ቀዳዳ ነው፣ ገመዶቹም ስድስት። ቬንትሌተሩ ለምን ተነቅሎ እንደሚቀመጥ እንጃ፤ እሱንም ሰካሁት። ሁሉም ቦታ ቦታውን ያዘ። በየስፒናው ላይ ወረቀት ለጥፌ በቁም ጽሕፈት ጻፍኩ፦ ራዲዮ፣ መብራት፣ ቻርጀር። ክዳኑን ገጠምኩ። ወለሉ ታየ። እዚያ ሥር ወለል እንዳለን እንኳ ረስቼው ነበር።

አባባ ከውጭ ሲገባ ጎትቼ አመጣሁት። «እንዴት ነው?»

«ንጹሕ ነው። መሐንዲሷ!» አለኝ። ቆየት ብሎ፣ «ቋጠሮዎቹስ?»

«ፈታኋቸዋ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ደክሞት ይሆናል።

እሑድ፣ ኅዳር 9

«የራዲዮው የቱ ነው?» አለኝ ጠዋት፣ ሳጥኑን ከፍቶ።

«ተጽፎበታል እኮ አባባ።»

«እሺ... እሺ።»

ቀኑን ሙሉ ራዲዮ ሳይከፈት ዋለ። አባባ ያለ ዜና? ጠረጴዛውን ስለነካሁበት አኩርፎኛል ማለት ነው። ያኩርፍ። እኔም አኩራፊ ነኝ፣ ከማን ወረስኩት?

ሰኞ፣ ኅዳር 10



ጠዋት ሻይ ላፈላ ኩሽና ገባሁ። ዷ የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ወዲያው መብራቱ ጠፋ። ሮጥኩ። አባባ ከጠረጴዛው አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀምጧል፣ ጀርባው ግድግዳውን ተደግፎ። ከንፈሩ አመድ መስሏል። ግራ እጁን በቀኙ ጨብጧል። ኮረንቲ ይዞት ነው። ብሬከሩ ባይዘልል ኖሮ...

መጀመሪያ የተናገረው ምን ነበር? እጄን አላለም። ልቤን አላለም። «ጨርቁ የት ሄደ?» አለኝ።

የቬንትሌተሩ ገመድ ከጠረጴዛው በስተጀርባ ልጡ ተገፎ ሽቦው ራቁቱን ነው። እኔ ጎንበስ ብዬ ከፊት ብቻ ስለሠራሁ አላየሁትም። የሰካሁትም እኔ ነኝ። አባባ ግን በቀን ብርሃን፣ መስኮቱ ተከፍቶ፣ እንዴት ራቁት ሽቦ ይጨብጣል? እኔ እንኳ ዞሬ ስመለከት ወዲያው ነው ያየሁት።

ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። ነርሷ ጣቶቹን ጠቀለለችለት፣ ልቡን አዳመጠች። «ደህና ነው፣ ተርፈዋል» አለች። ከዚያ ወረቀት አስቀመጠችለት። «እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ፣ አባቴ።»

ብዕሩን ተቀበለ። ቆንጆ አድርጎ ፈረመ፣ እንደ ሁልጊዜው ጭራውን አስረዝሞ።

ጠረጴዛው ላይ። ወረቀቱ አንድ ስንዝር ወዲያ ነው።

ክው አልኩ። ነርሷ እኔን አየችኝ። እኔ እሷን። አባባ ብዕሩን ዘርግቶ የሚቀበለው ይጠብቃል።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 11

እማዬ ጋ ደወልኩ። «እማዬ፣ አባባ አያይም» አልኳት።

ምን? ትላለች ብዬ ነበር። ወይም ትጮኻለች።  እሷ ግን፣ «ማን ነገረሽ?»

ማን ነገረሽ!

ታውቃለች። አራት ዓመት ሙሉ ታውቃለች። ግራው ጨርሶ ሄዷል፣ ቀኙ በቁልፍ ቀዳዳ እንደማየት ነው። ባትሪ ልትይዝለት አይደለም አብራው የምትዞረው። ቀለም ልትነግረው ነው። «ቀዩን ቀይ እለዋለሁ፣ ሰማያዊውን ሰማያዊ። የቀረውን እጁ ያውቀዋል» አለችኝ። «ማንም እንዳይሰማ አስምሎኛል። በተለይ አንቺ።»

በተለይ እኔ? ለምን በተለይ እኔ?

አንድ ቤት ውስጥ ነው የምንኖረው። አንድ ጠረጴዛ ላይ። እኔ በጆሮዬ የሰው ትንፋሽ ሳይቀር ለቅሜ የምጽፍ ሴት ነኝ፣ ለዚህ ነው የሚከፈለኝ። የአባቴ ዓይን ሲጠፋ አላየሁም። ግድግዳ ዳስሶ ሲሄድ እርጅና ነው አልኩ። ዜና ሳያነብ ራዲዮ ብቻ ሲሰማ ልማድ ነው አልኩ።

ዛሬ አንድ ገጽ እንኳ አልሠራሁም። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ይላሉ። እኔ ግን የስልኬን ሴትዮ ሰምቼ አባቴን ነበር የማንቀው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 12

ፊት ለፊት ጠየቅኩት። አልካደም።

«ሐኪም አይቶሃል?»

«አይቶኛል። የዓይን ግፊት ነው። የሄደው አይመለስም፣ የቀረውን በጠብታ እናቆየው አለኝ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልከኝ?»

«ብነግርሽ ሥራ ታስተዪኛለሽ።»

«አዎ አስተውሃለሁ! ሰው ብትገድልስ?»

«እናትሽ አንድ ቀን ተሳስታ አታውቅም።»

«አንተ እኮ ነህ፣ በዓይንህ ያላየኸውን ሽቦ አትንካ እያልክ ያሳደግከኝ።»

ጨርቅ የተጠቀለለበትን እጁን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «ልተወው። ጠዋት ተነሥቼስ ምን ልሠራ? ቁጭ ብዬ የቀረችውን ብርሃን ልጠብቃት?»

ገብቼ አለቀስኩ። ቋጠሮዎቹን ስፈታ በጥርሴ እንኳ ጎትቼ ነበር... ይሄ ነው የሚያስለቅሰኝ። ጥርሴ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 15

የተበላሸውን የቬንትሌተር ገመድ ቆርጬ ጣልኩ፤ ጨርቁ ለካ «አትንካ» ማለት ነበር። ወረቀቶቹን ሁሉ ላጥኩ። ከዚያ አባባ አጠገቤ ወለሉ ላይ ተቀመጠና አንድ በአንድ እንደገና አሰርን።

«አንድ ቋጠሮ መብራት። ሁለት ራዲዮ። ቀጭን ክር ቻርጀር።»

«ይሄ ወፍራሙ ክር የማን ነበር? የእኔ ኮምፒውተር ላይ ነበር።»

«ያንቺ ነዋ። እየሰማሽ ስትጽፊ በስህተት ነቅዬ ሥራሽን እንዳላቋርጥብሽ።»

ራሴን ወደ ጠረጴዛው ሥር አስገብቼ ቆየሁ። ገመድ የማስተካክል መስዬ።

ዓይኔን ጨፍኜ በእጄ ልለያቸው ሞከርኩ። ሁለቱን ተሳሳትኩ። ሳቀብኝ። ከሰኞ ወዲህ የመጀመሪያው ሳቅ።

ሰኞ፣ ኅዳር 17

ስብሰባ። አለቃዬ የጠረጴዛውን ሥር አሳዪን አለች። አሳየሁ። ነጭ ሳጥን፣ ክዳኑ የተገጠመ። «አሁን ሰው ሆንሽ» አለች። ውስጡን አልከፈትኩላቸውም።

ሰኞ፣ ኅዳር 24

እማዬ ገና አልመጣችም። አክስቴ መራመድ ጀምራለች።

ከምሳ በኋላ ልብስ ሰፊዋ እየሮጠች ወጣች። አሁንስ ሱቁ በሙሉ ጠፍቶባታል፣ ነገ የምታስረክበው ልብስ ማሽኑ ላይ ነው። «ጋሼ፣ እባክዎን።»

አባባ ተነሣ። ቦርሳውን አነሣ። እኔ በሩ ላይ ቆምኩ። እሷ ፊት ምን ብዬ ልከልክለው? አያይም ልበል?

ቦርሳውን ዘረጋልኝ። «አንቺ ትሠሪያለሽ» አለኝ። «እኔ ባትሪ እይዛለሁ።»

ወረድን። ያ ቀደም እምቢ ያላት ሶኬት ያለው ከትልቁ ቁም ሣጥን ጀርባ ነው፣ ቀንም ጨለማ ነው። መጀመሪያ ብሬከሩን አስወረደኝ። ኮረንቲ ካለ የሚበራውን ቴስተር ሦስት ጊዜ አስነካኝ። «በራ?» «አልበራም።» «ድገሚ።» ከዚያ ብሎኑን አስፈታኝ። ሽታው ቀድሞ ነገረው፤ «ተቃጥሏል አይደል? ምን ያህል?»

«የአውራ ጣት ጥፍር ያህል።»

«ጤነኛው ላይ እስክትደርሺ ቁረጪ። አትቸኩዪ።»

ልብስ ሰፊዋ፣ «ጋሼ ዛሬ አስተማሪ ሆኑ?» አለች እየሳቀች። ከዚያ ወደ እጁ ተመለከተች። ሳቋ አፏ ላይ ቀረ።

ባትሪው የሚያበራው ጣሪያውን ነበር። አባባ በሁለት እጁ፣ ያልዳነውንም ጨምሮ፣ ቀጥ አድርጎ ይዞታል፤ እንዳይንቀሳቀስብኝ ተጠንቅቆ።

ልብስ ሰፊዋ ጠጋ አለች። ስልኳን አውጥታ መብራቱን አበራች፣ ከትከሻዬ በላይ ያዘችልኝ። ቀዩንና ሰማያዊውን ለየሁ።

«ይታይሻል?» አለኝ አባባ።

«ይታየኛል፣ አባባ» አልኩት። «እንደዚያው ያዝልኝ።»