ማሽኑ ሳይቆም

ለእህቴ፣ እንደ እናቴ ልጅ ለማይሽ፤

እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? የእኔን ጤና ለመስማት አትቸኩዪ፣ እደርስበታለሁ።

«ልጄ አለቃችሁ ከሆነች ወዲህ እንዴት ናት?» ብለሽኝ ነበር። የልብስ እጥበት ቤታችንን፣ አንሶላ የሚተኩሰውን ትልቁን ማሽን አልረሳሽውም። አንሶላ ሲነክስ ማጥፋት፣ እስኪቆም መጠበቅ፣ ከዚያ መሳብ ነው። ልጅሽ ከፎቅ ቢሮዋ ስልክ ትደውልና «ሳታጠፉ ሳቡት፣ ሆቴሉ እየጮኸብን ነው» ትላለች። እኛ «እሺ» ብለን እናጠፋዋለን። ስልክ ዓይን የለው! እሷም ሳታውቅ አትቀርም፤ ግን ዝም ትል ነበር።

ባለፈው ሥራ አስኪያጁ ራሱ ወረደ። እሱ ከኋላዋ፣ እሷ ከኋላዬ ቆሙ። አንሶላው ተነከሰ። እጄን ወደ ማጥፊያው ስሰድ፣ «እትዬ» እንጂ በሌላ ጠርታኝ የማታውቅ ልጅ «ሴትዮ፣ ሳይጠፋ ሳቢው!» አለችኝ። ዞሬ አየኋት፤ ከንፈሯ ደርቋል። ሴቶቹን አየሁ፤ አንገታቸውን ደፍተው ፎጣ ያጣጥፋሉ። አንቺ ያን ጊዜ እንዲሁ ሳቢ ሲሉሽ «እጄን ወድቆ አላገኘሁትም» ብለሽ ክንድሽን ስታጣምሪ፣ ሁላችንም ተከትለንሽ አልነበር? አንቺን አባረሩሽ፣ እኛ ቀረን። አሁን የጎደለው እንዳንቺ ያለ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ሁላችንም ያንን ሰው ስንጠብቅ፣ እኔ ሳብኩት። ማሽኑ አንሶላውንም ጣቶቼንም አብሮ ወሰደ።

እሺ ይበልጣል ከሺ ይላሉ። የተረተው ሰውዬ ጣቶቹ ሙሉ ነበሩ።

ሥራ አስኪያጁ ሆስፒታል መጥቶ አልጋዬ አጠገብ ቆመና «እጅሽን አስገቢ ያለሽ ሰው አለ?» አለኝ። ልጅሽ ከጎኑ ሆና ወለሉን ታያለች። «ማንም የለም፣ ራሴ ነኝ» አልኩት። ላንቺ ብዬ እንዳይመስልሽ። እሱ ቆሞ፣ እኔ ተኝቼ፣ ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

ዛሬ ብቻዋን መጣች። ከኋላዋ የቆመ የለም። «እትዬ፣ ምን ላድርግልዎ?» ብላ ተንሰቀሰቀች። በእኔ ቦታ ሌላ ሴት አቁማለች። «እሱ ቢወርድ እሷንም ሳይጠፋ ሳቢው ትያታለሽ?» አልኳት። «ካላልኩ እኔን ነው የሚያባርረኝ» አለች። መቆጣት አቃተኝ። ያቺ አዲሷም ትስባለች፤ ሌሎቹም ፎጣ ያጣጥፋሉ። ይህን ለመለወጥ የሚመጣ ሰው አይታየኝም።

እንግዲያው ወረቀት አምጪ አልኳት። ቀኝ እጄ በፋሻ ተጠቅልሏል፤ በስተርጅና ያስተማርሽኝን ፊደል ደግሞ ግራዬ አያውቀውም። የእጅ ጽሑፉ የማን እንደሆነ እናት አይጠፋትም። «ሴትዮ» የሚለው ላይ እጇ ቆሞ ነበር። ጻፊ አልኳት፤ ጻፈች። አንድ ቃል አልዘለለችም።

ታዛዥ ልጅ ነው የወለድሽው፣ እህቴ።

ጉልበትሽን ያጽናልሽ፤ ደጅሽን ክፉ አይርገጠው።

ከማሽኑ ማዶ ትቆም የነበረች እህትሽ