ያልገባሁበት ኢንሹራንስ

ብሮከን ቦው፣ ነብራስካ
ሚያዝያ 9 ቀን

ይድረስ ለባለቤቴ ለኦሪን ታልማጅ፣

እንደምን ከርመሃል? እኔ ደህና ነኝ። «ባለቤቴ» ያልኩህ ወድጄ እንዳይመስልህ፤ የመንግሥት ቅጽ ነው እንደዚያ የሚለው። ነገሩን ልንገርህ።

«ለፈረስ ጫማ መምታት ለሴት አይሆንም፤ ኢንሹራንስ ያለው ሥራ ፈልጊ» ብለኸኝ የተጣላን ቀን፣ የራሴን ራሴ እገዛለሁ ብዬህ ነበር። አንተ ዋዮሚንግ ሄድክ፣ እኔም ገዛሁ። ባለፈው መስከረም የደንበኛዬ የሃርላን ግራጫ ባዝራ የእጄን አንጓ ረግጣ ስትሰብረኝ የታከምኩት በራሴ ካርድ ነው። ይህን ስማልኝ።

ሰኞ ዕለት ግብሬን ላሠራ ወይዘሮ ኮስታል ዘንድ ሄድኩ። በግሉ የሚሠራ ሰው ለጤና ኢንሹራንስ የከፈለው ገንዘብ ግብር ከሚታሰብበት ገቢው ላይ ይቀነስለታል፤ እኔም በሚተርፈኝ አዲስ የጋዝ ምድጃ ልገዛ አስቤ ነበር። አፌ ጉድ ሠራኝ። አንተ ባለፈው ግንቦት እንደተቀጠርክ፣ ደግሞም ምዝገባው በየዓመቱ በሚከፈትበት በኅዳር፣ የላክልኝን የባቡር መሥሪያ ቤትህን የኢንሹራንስ ቅጾች ጠረጴዛዋ ላይ ዘርግቼ፣ «ይኸው፣ ባሌ በኔ ኢንሹራንስ ውስጥ ግቢ እያለ ሁለቴ ለምኖኛል፤ ሁለቴም እምቢ ብያለሁ» ብዬ ኮራሁባት።

መነጽሯን አወለቀች። «አዬ ቴልዳ። እንግዲያማ ከግንቦት ወዲህ የከፈልሽው አይቀነስልሽም።»

«አልገባሁም እኮ።»

«ገባሽ ወይ ብሎ አይጠይቅም ሕጉ። መግባት ትችይ ነበር ወይ ነው የሚለው።»

«ሰውየው ጥሎኝ ሄዷል ወይዘሮ ኮስታል።»

«መሄዱን ቅጹ አያውቅም። ሚስቱ ነሽ?»

ቅጾቹን ከጠረጴዛዋ ላይ መሰብሰብ ጀመርኩ።

«እስካልተፋታችሁ ድረስ በሩ ክፍት ነው» አለችኝ። «ጠበቃ ያዘጋጀልሽ የፍቺ ወረቀት ዓመት ሙሉ እቤትሽ ምን ይሠራል? ጨርሺውና ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ይቀነስልሻል።»

እውነቷን ነው፣ ወረቀቱ አለ። ተናድጄ ያስጻፍኩት ነው። የሚስማር መሳቢያው ውስጥ አስቀምጬዋለሁ።

«ለምድጃ ብዬ ባል አልፈታም» አልኳት። ሳቀችብኝ። ምኑ እንዳሳቃት እንጃ። ግብሬን ሙሉውን ከፍዬ ወጣሁ። አሮጌው ምድጃ ሦስቴ ሲመቱት ይነሳል፣ ይበቃኛል።

ታዲያ ልቧ ራርቷል ብለህ እንዳትሳሳት። በአንተ ካርድ አልገባም፤ ዘንድሮም ለከርሞም። ሥራዬንም አልተውም። ሴት አይሆንላትም ያልከው ሥራ ይኸው እስከ ሰኔ ድረስ በቀጠሮ ተይዟል። ሃርላን እንኳ ባዝራዋን ከኔ በቀር ለማንም አይሰጥም።

ፉርጎ ስትቀጥል እግዚአብሔር ጣቶችህን ይጠብቅልህ። ጓንት አድርግ፤ አታደርግም፣ አውቅሃለሁ።

ኅዳር ላይ ያንን ቅጽ ደግመህ በፖስታ እንዳትልክብኝ። እምቢታዬን መስማት ካማረህ ራስህ ይዘኸው ና፣ ፊት ለፊት እነግርሃለሁ። ስትመጣ የሥራ ልብስህን አትርሳ። ግራጫዋ ባዝራ አንተ ልጓሟን ካልያዝክ አትቆምም። አንጓዬ የተሰበረ ቀን የያዛት ሌላ ሰው ነበር።

በቅጹ መሠረት ሚስትህ፣
ቴልዳ