አሥሩ ጥቁር ብሎኖች

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3

የስፖርት መምህሩ ዛሬ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ሳቀብኝ። በእኔ ሳይሆን በመኪናዬ… ያው ነው። "በጎማውና በፓራፋንጎው መሃል እኮ ድመት ትወልዳለች" አለ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ምን ላድርግ?

እውነቱን ነው ግን። ቀይ፣ ሁለት በር፣ አፍንጫዋ የሾለ የስፖርት መኪና… ከጎን ስትታይ ቀሚሷን ሰብስባ ጭቃ የምትሻገር ሴት ትመስላለች። ዕድሜዋ አሥራ ስድስት። እኔ ጋ ከመጣች ስምንት ወሯ። ባለቤቴ "ጣውንቴ" ነው የምትላት። ጠዋት እኔን ደህና አደርክ ሳትል "ጣውንቴ ደህና አደረች?" ትላለች።

ወደ መሬት መውረድ አለባት። አጭር ሞላ ይገባላታል። ከኋላ ደግሞ ጎማውን ወደ ውጭ የሚገፋ ወፍራም የብረት ቀለበት… ስፔሰር ይሉታል። ማን ይሠራዋል? ችግሩ እሱ ነው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 4

ባለቤቴ አላስጨረሰችኝም። "ወንድሜ ጋራዥ ከፍቶ አንተ ሌላ ጋ ልትወስድ? እናቴ ብትሰማ ምን ትላለች?"

አማቼ ጥሩ ሰው ነው ይላሉ ሁሉም። በአሥራ ሁለት ዓመት ያንሰኛል፣ "ጋሼ" ይለኛል፣ ዝምተኛ ነው። ዝምተኛ ሰው ደግሞ አላምንም። ሃያ ሁለት ዓመት ሒሳብ አስተምሬአለሁ፤ የሚኮርጀው የሚያወራው ተማሪ አይደለም… ዝም ብሎ ያቀረቀረው ነው።

"ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር" አልኳት።

"አንተ ስንጥር ስትፈልግ ገንፎው ይበርድብሃል" አለችኝ።

እሺ። ቅዳሜ ይሁን።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 7

ጋራዥ ቆሜ ዋልኩ። ወንበር ሰጠኝ፤ አልተቀመጥኩም። ከተቀመጥኩ ከሥር ምን እንደሚሠራ አይታየኝም። አምስት መኪና ተራ ይጠብቃል፤ እኔን አስቀድሞኛል። ለምን አስቀደመኝ?

የወጣው ሞላ ረጅም፣ የገባው አጭርና ሰማያዊ። እስከዚህ ደህና። ከዚያ ግን አንድ ነገር አየሁ። መኪናዋ ክሪክ ላይ ሳለች ከሥር ያለውን ትልቁን ብሎን አላጠበቀም። በጣቱ ብቻ አስገብቶ ተወው! ረስቶ ነው?

"እሱን አላጠበቅከውም" አልኩት።

"ጋሼ፣ አየር ላይ ካጠበቅኩት ብሎኑ የሚይዘው ላስቲክ እንደተጠማዘዘ ይቀራል። መሬት ረግጣ፣ በራሷ ክብደት ላይ ሆና ነው የሚጠብቀው።"

እውነት ይመስላል። እውነት የሚመስል ነገር ነው የሚያስፈራኝ።

ስፔሰሮቹን ከኋላ ጎማዎች አስገባ። የመኪናዬን አሥር ብሎኖች በፌስታል ቋጥሮ ሰጠኝ፤ በምትካቸው አሥር ረጃጅም ጥቁር ብሎኖች ገጠመ። መጀመሪያ በእጁ ነው የሚያስገባቸው። ሲያስገባ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ምንድነው የሚያጉረመርመው? እኔን ይሆን የሚረግመው?

"የድሮዎቹን አስቀምጣቸው" አለኝ። "አንድ ቀን ስፔሰሩን ካወጣህ ያስፈልጉሃል።"

እሑድ፣ ኅዳር 8

በማስመሪያ ለካሁ። አራት ሳንቲሜትር ትወርዳለች ብሎኝ ነበር። የወረደችው ሁለት ተኩል። ግራው ከቀኙ በአራት ሚሊ ይበልጣል። ደወልኩለት።

"ሞላ እንደ አዲስ ሙሽራ ነው ጋሼ። መጀመሪያ ይኮራል፣ ሲለምድ ይቀመጣል።"

ሞላው አሮጌ ሆኖ ቀለም ቀብቶት ቢሆንስ? ከሥር ገብቼ በጥፍሬ ፋቅሁት። ቀለሙ አልተነሳም። ጥሩ ቀለም ነው የተጠቀመው ማለት ነው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

ሦስት ተኩል። ባለቤቴ ከበረንዳ ታየኛለች። "የእኔን ወገብ አንድ ቀን ተንበርክከህ ለክተህ ታውቃለህ?"

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14

አራት ሳንቲሜትር። ግራና ቀኝ እኩል። …እሺ። በሞላው ተሳስቻለሁ። አልደወልኩለትም ግን። ምን ብዬ?

ሰኞ፣ ኅዳር 16

የስፖርት መምህሩ ዛሬ አልሳቀም። መኪናዋን ዞራት። "አሁን መኪና መሰለች" አለ። ደስ አለኝ፣ እንዴት ደስ አለኝ! የሃምሳ አንድ ዓመት ሰው በዚህ ደስ ይለዋል?

ከዚያ ጎንበስ አለና ብሎኖቹን አየ። "እነዚህ ጥቁሮች ምንድናቸው? የፋብሪካዋ አይደሉም እኮ። ማህተም እንኳ የላቸውም። ከምን ብረት እንደተሠሩ በምን ታውቃለህ?"

በምን አውቃለሁ? አምስት ክፍለ ጊዜ ሙሉ እሱን ሳስብ ዋልኩ። የእኔዎቹ ማህተም አላቸው። ታዲያ ለምን ፈቶ ሰጠኝ?

እሑድ፣ ኅዳር 22

ባለቤቴ እናቷ ጋ ሄዳለች። አደረግኩት።

ክሪክና የጎማ መፍቻ ይዤ ወረድኩ። አሥሩንም ጥቁር ብሎኖች ፈታሁ፣ አሥሩንም የራሴን መለስኩ። ስፔሰሮቹ እንዳሉ ናቸው፤ እነሱን ወድጃቸዋለሁ። ጥቁሮቹን ስፈታቸው ዞረው ዞረው አናልቅ አሉኝ። የእኔዎቹ ግን ገና ገባ ከማለታቸው ጥብቅ! ኦሪጅናል ኦሪጅናል ነው… ቤታቸውን ያውቃሉ።

ጥቁሮቹን በዚያው ፌስታል ከመጻሕፍት መደርደሪያዬ ጀርባ ደበቅኳቸው። ለባለቤቴ አልነገርኳትም። ወንድሟን የሰደብኩ ነው የሚመስላት።

ረቡዕ፣ ኅዳር 25

ከኋላ በግራ በኩል ድምፅ። ቀጭ… ቀጭ… ሞላው ነው። ብዬ ነበር እኮ!

ዓርብ፣ ኅዳር 27

መጻፍ አልፈለግኩም። ቢሆንም ልጻፈው።

ጠዋት ባለቤቴ የመኪናዋን ቁልፍ ጠየቀችኝ። እናቷን ሐኪም ጋ ልታደርስ። "ዛሬ እንኳ ጣውንቴ ታገልግለኝ" አለች። ሰጠኋት። ድምፁን አልነገርኳትም። ለምን አልነገርኳትም? "ደግሞ ወንድሜን ልትከስ ነው" እንዳትለኝ ብዬ…

ተማሪ ስፈትን ስልኬ ዝግ ነበር። ስከፍተው አሥራ አንድ ጊዜ ደውላለች። መጨረሻ ላይ መልእክት፦ "ማደያው ጋ ነን። ወንድሜ መጥቷል።"

ቁልቁለቱ ላይ ነው መኪናዋ ከኋላ መወዛወዝ የጀመረችው። ባለቤቴ ቀስ ብላ ማደያው ውስጥ አስገባቻት። በግራ የኋላ ጎማ ካሉት አምስት ብሎኖች ሁለቱ የሉም። ሦስቱ በጣት ይዞራሉ። ከኋላዋ ይመጣ የነበረ የጭነት መኪና ሹፌር "እናት ይዘሽ ነው የተረፍሽው" አላት። እናቷ ከፊት ወንበር አልወርድም ብለው ዓይናቸውን ጨፍነው ተቀምጠዋል።

ስደርስ አማቼ ጎማው ሥር ተንበርክኳል። ደሜ ፈላ። የጭነት ሹፌሩ አለ፣ ነዳጅ ቀጂዎቹ አሉ፣ የእሱ ደንበኛ የሆነ ባለታክሲ አለ። በሁሉም ፊት "ነፍሰ ገዳይ!" አልኩት። "እህትህን! እናትህን! ማህተም በሌለው ብረትህ!"

አንድ ብሎን ይዞ ነበር። ብሎኑን አየው። እኔን አየኝ። ወደ እህቱ ዞር ብሎ አየ። ከዚያ ብሎኑን ኪሱ ከተተው።

"ጥፋቱ የኔ ነው" አለ። "አላጠበቅኩት ይሆናል።"

ባለቤቴ ያኔ ነው ያለቀሰችው። ባለታክሲው መኪናውን አስነስቶ ሄደ። እኔ መኪናዋ ወደዚያ ጋራዥ እንዳትደርስ ብዬ በክሬን ቤት አስመጣኋት።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 28

ባለቤቴ በስልክ "ከእንግዲህ የማንንም መኪና እንዳትነካ!" ስትለው ሰማሁ። ለወንድሟ። ደስ ሊለኝ በተገባ።

አንድ ነገር ይከነክነኛል ግን። ለምን ቶሎ አመነ?

ኮራጅ "እኔ ነኝ" ብሎ አያውቅም። ወረቀቱን ከእጁ ላይ ብታነሳበት እንኳ "መምህር፣ የኔ አይደለም" ነው የሚለው። ሳይጠየቅ ያመነ ተማሪ በዕድሜዬ አንድ ነው ያጋጠመኝ… እሱም ጓደኛውን ሊሸፍን ነበር።

አማቼ ማንን ነው የሚሸፍነው? ብሎኑን ለምን ኪሱ ከተተ?

እሑድ፣ ኅዳር 29

ጠዋት ወረድኩ። ደህናውን የቀኝ የኋላ ጎማ በክሪክ አነሳሁ። አንድ ብሎን ፈታሁና በእጄ መልሼ አስገባሁት። አንድ ዙር… ሁለት… ሦስት… ሦስት ተኩል ላይ ቆመ።

ከመደርደሪያው ጀርባ አንድ ጥቁር አመጣሁ። አንድ… ሁለት… ስድስት… ስምንት ተኩል።

የዚያን ቀን ከንፈሩ የሚንቀሳቀሰው ለካ ዙር ሲቆጥር ነው! ስፔሰሩ ጎማውን በሰው አውራ ጣት ያህል ወደ ውጭ ገፍቶታል። አጭሩ ብሎን የሚደርሰው ጫፉ ብቻ። ጎማው በጫፍ ተንጠልጥሎ ነው ያን ቁልቁለት የወረደው። የሒሳብ መምህር ነኝ እኔ። ከብሎኑ ርዝመት የስፔሰሩን ውፍረት መቀነስ… የሁለተኛ ክፍል ሒሳብ!

ሞላውም አይደለም። ጥቁሮቹም አይደሉም። ስንጥሩን ገንፎው ውስጥ የከተትኩት እኔ ነኝ።

ሰኞ፣ ኅዳር 30

ከሥራ በቀጥታ ጋራዡ ሄድኩ። አንድ መኪና የለም። ባለታክሲው አውርቷል። አማቼ ለእኔ ሰጥቶኝ የነበረው ወንበር ላይ ተቀምጦ መፍቻዎቹን በጨርቅ ይወለውላል።

"አውቀህ ነበር" አልኩት።

"ብሎኑን እንዳየሁት።"

"ታዲያ ለምን ዋሸህ?"

ጨርቁን አጣጠፈ። "እህቴ እዚያ ቆማለች ጋሼ። አንተ መሆንህን ብትሰማ… እኔ የማጣው ደንበኛ ነው። አንተ ግን…" አልጨረሰውም።

"ያን ሁሉ ስድብ ጠጥተህ?"

"ተናደህ ነበራ።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ስወጣ በሩ ድረስ ሸኘኝ። "አትንገራት" አለኝ። "ያልፋል።"

እሱ አይናገርም። ጥቁሮቹን ማንም አላየም። የሚያውቀው ይኸ ደብተር ብቻ ነው… ዝም ብልስ? ዝምተኛ አላምንም ያልኩት ሰው እኔ አልነበርኩም?

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 1

ነገርኳት። ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ሁሉንም። ብሎኖቹን፣ መደርደሪያውን፣ ድምፁን፣ ወንድሟን።

ትጮሃለች ብዬ ነበር። አልጮኸችም። አንዱን ጥቁር ብሎን አንስታ አገላብጣ አየችው።

"ወንድሜን መጠርጠርህ አይገርመኝም" አለች። "አንተ የማትጠረጥረው ማን አለ? ግን ድምፁን ሰምተህ… ሰምተህ ነው ቁልፉን የሰጠኸኝ?"

 

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 3

ማደያው ሄድኩ። የዚያን ቀን የነበሩት ቀጂዎች ሁለቱ አሉ። በዚያው ቦታ ቆሜ "ጥፋተኛው እኔ ነኝ እንጂ መካኒኩ አይደለም" አልኳቸው። አንደኛው ሳቀ፣ ሁለተኛዋ ክፍል አርፍዶ እንደገባ ተማሪ አየችኝ። ባለታክሲውን ታክሲ ተራው ላይ አገኘሁት። ብሎኖቹን አሳየሁት፣ አጭሩንና ረጅሙን። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ ያዛቸው።

"ያ ሰውዬ ይህን እያወቀ ነው ነፍሰ ገዳይ ስትለው ዝም ያለህ?"

"አዎ።"

"እግዜር ይይልህ" አለኝ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ደወለለት። "ፍሬኔን ነገ ታየዋለህ?"

ባለቤቴ ቤት ውስጥ "በሩን ዝጋ" እና "መብራቱን አጥፋ" ብቻ ነው የምትለኝ።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 5

መኪናዋን ወሰድኩለት። ሦስት መኪና ቆሟል፤ ባለታክሲው አንዱ ነው። ተራዬን ጠበቅኩ። ወንበሩን ሰጠኝ። ተቀመጥኩ… ጀርባዬን ለመኪናዋ ሰጥቼ። ከባድ ነበር። አንገቴ ሁለቴ ዞሯል፤ ሁለቴም መለስኩት።

የተበላሸውን ቀይሮ ሲጨርስ ጠራኝ። "ና ጋሼ፣ ብሎኖቹን አንተ አስገባ።" በእጄ አስገባሁ፣ ጮክ ብዬ እየቆጠርኩ። ሁሉም ስምንት ተኩል። "ሃምሳ ኪሎሜትር ስትሄድ ደግመህ አጥብቃቸው" አለኝ። ይቅርታ ልለው አፌን ስከፍት መፍቻውን አቀበለኝ። ተቀብዬ ብሎኖቹን አጠበቅኩ። ይቅርታ ያልኩት ከዚያ በኋላ ነው፤ "በቃ ጋሼ፣ በቃ" አለ፣ እሱ አፍሮ።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 7

ጠዋት ሸሚዜን ስቆልፍ ከታች የብረት ድምፅ ሰማሁ። በመስኮት አየሁ። ባለቤቴ የጎማ መፍቻውን ይዛ ወርዳለች። የሥራ ልብሷን ለብሳ፣ ቦርሳዋን ኮፈኑ ላይ አስቀምጣ፣ የኋላ ጎማዎቹን ብሎን አንድ በአንድ ትሞክራለች። አሥሩንም።

ወንድሟን ተጠራጥራ ይሆን? አይደለም። ወንድሟ ቅዳሜ ጨርሶ አስረክቦናል። ከቅዳሜ ወዲህ መኪናዋ ያደረችው እኔ ጋ ነው።

ሃያ ሁለት ዓመት ሰው ስጠረጥር ኖሬአለሁ። ተጠርጣሪ መሆን እንዲህ እንደሚያም ግን አላውቅም ነበር።

ወረድኩ። መፍቻውን የመኪናዋ የኋላ ሻንጣ ውስጥ መለሰች፣ እጇን በመሃረብ ጠረገች፣ በሹፌሩ በር ገብታ ሞተሩን አስነሳች። በረንዳው ሥር ቆሜ ቀረሁ።

ከጎኗ ያለውን የተሳፋሪ በር ከውስጥ ከፈተችው።

"ግባ" አለችኝ።

ገባሁ።