ጋቢ ጠባቂው የገና ዱላ መረጠ

የሺዬ፣ የቤቴ ሰው፣

በነሐሴ ጭቃ ሸኝተንሽ ይኸው ታኅሣሥ አለቀ። ውኃው ከሜዳው ከሸሸ ቆየ፤ ጤፉ ታጭዶ ሽምብራው ሊያፈራ ነው። አፈሩ ከብዶሽ እንደሆነ አላውቅም፤ ለእኔ ግን ቤቱ ከብዶኛል።

ቡሬ ላማችን ወልዳለች፤ ጥጃዋ ሴት ናት። በማድጋው በኩል ያፈስስ የነበረውን ጣራ ወንድምሽ አያ ንጉሤ ከድኖልኛል። የጀመርሽው ሌማት ጠርዙ ሳይዘጋ እዚያው ከግድግዳው ላይ ነው። ጎረቤቶች እንጨርስልህ ቢሉኝ እምቢ ብያለሁ። ወረታ መንገድ ዳር የቆርቆሮ ቤት በዝቷል፤ አስኳላም ሊከፈት ነው ይላሉ። እኔ ግን ደክሞኛል። የእርሻ ድካም ቢሆን ተኝቼ ይለቀኝ ነበር፤ ይኸኛው ተኝቼ ስነሣም አብሮኝ ይነሣል።

ከተዝካርሽ ወዲህ እስከ ገና ድረስ ሰው መሐል አልወጣሁም። ቤተ ክርስቲያን ስሜ በጓሮ በጓሮ እመለስ ነበር። ሰዉ ሐዘን ጠንቶበት ነው ይል ነበር። ለአንቺ እውነቱን ልንገርሽ፤ ፈርቼ ነው። ሰው መሐል ከገባሁ አንድ ቀን መሳቄ አይቀርም። የሳቅሁ ቀን ደግሞ አንቺ ጨርሰሽ የምትሄጂብኝ ይመስለኝ ነበር።

አያ ንጉሤ ይህን አያውቅም። ለገና ሦስት ቀን ሲቀረው አንድ እቅፍ ዱላ ይዞ መጣና ከደጃፌ ላይ ዘረገፈው። ዓመቱን ሙሉ ከምድጃው በላይ ጭስ ሲያጠጣቸው የከረሙ ናቸው። ዘንድሮ ከሰፈራችን ከታች ቤቶች ጋር ተሰልፌ ከላይ ቤቶች ጋር ገና እንድጫወት ቆርጦ ነው የመጣው። እኔን! ዕድሜ ልኬን ከሜዳው ዳር ተቀምጬ የተጫዋቾቹን ጋቢ ስጠብቅ የኖርሁትን! አንቺስ ጋቢ ጠባቂ እያልሽ ስንት ጊዜ ስቀሽብኛል። እምቢ ማለት ፈለግሁ፤ እምቢ ማለትም ጉልበት ይጠይቃል።

ቀጥ ብዬ እንድቆም አደረገና ዱላዎቹን አንድ በአንድ እያስያዘ አስረዳኝ። አጭሯ ወገብ ትቆርጣለች፤ ከልክ ያለፈው ረዥም ደግሞ ከሩሯ በፊት መሬቱን ይመታል። ሩሯ እንደሆነች ከጠፍር የተጎነጎነች ትንሽ ኳስ ናት፣ ቶሎ አትገኝም። ስለዚህ ለጀማሪ ቆልማማው ሰፋ ያለ ዱላ ይሻለዋል፤ ትንሽ ቢስትም ያገኛታል። ደግሞ እንጨቱ ሲያድግ አብሮ የጎበጠ መሆን አለበት፤ በመጥረቢያ ተጠርቦ የጎበጠ በመጀመሪያው ምት ይሰነጠቃል።

ይህን ሁሉ ሰምቼ ምን ባደርግ ጥሩ ነው፤ የወይራውን አነሣሁ። ቅቤ ጠጥቶ የጠቆረ፣ ከባድ፣ የጎበዝ ዱላ ነው። ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት ሰው ቀጭን ዱላ ይዞ ሜዳ ቢወርድ ምን ይሉታል ብዬ ነው። አያ ንጉሤ አንድ የአፈር ጓል አስቀመጠና እንድመታ አዘዘኝ። ጓሉን ሳትሁት፤ ዱላው ግን እኔን ይዞኝ ዞረ፣ ክንዴ እስከ ትከሻዬ ነዘረኝ። ያን ጊዜ አንዲት የክትክታ ዱላ ሰጠኝ። መልኳ አያምርም፣ መሐሏ ላይ ጉጥ አለባት፤ ግን ቀላል ናት፣ ቆልማማዋም ሰፊ ነው። ተቀበልኋት።

የገና ዕለት ከቀትር በኋላ ሜዳ ወረድን። ከሁሉም ኋላ ቆሜ ሩሯ ባትመጣብኝ እያልሁ ስጸልይ ነበር። መጣች። ሰነዘርሁና የአያ ንጉሤን ቅልጥም አገኘሁ። ደግሞ መጣች፤ አለፈችኝና ከዋልካው ጥቁር አፈር ስንጥቅ ውስጥ ገባች። ታውቂው የለ፣ በዚህ ወቅት መሬታችን ክንድ የሚውጥ ስንጥቅ አለው። ላይ ቤቱም ታች ቤቱም ጭቅጭቁን ትቶ ስንጥቁን ከበበ። ቄሰ ገበዙ ሳይቀሩ በሆዳቸው ተኝተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እጃቸውን እስከ ብብታቸው ሰድደው ይፈልጋሉ። አገኘኋት ብለው በደስታ ጮኹ። እጃቸውን ሲያወጡ የያዙት እንቁራሪት ነው።

ሳቅሁ የሺዬ። ዱላዬን ተደግፌ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ። ማንም ዞሮ አላየኝም፤ ሁሉም ይስቅ ነበር። ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሩሯን በደንብ አድርጌ መታኋት። የሜዳውን እኩሌታ ሄደችልኝ።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ሌሎቹ ወደ ጠላው ሲሄዱ እኔ ወደ ቤት ገሠገሥሁ። የቄሰ ገበዙን እንቁራሪት ልነግርሽ ነው። ነጠላሽን አፍሽ ላይ አድርገሽ እንዴት እንደምትስቂ እያሰብሁ፣ የቱን አስቀድሜ የቱን አስከትዬ እንደማወራሽ በሆዴ እያሰናዳሁ ነው የመጣሁት። የአጥሩን በር ከፍቼ የሺ ብዬ ተጣራሁ።

ማንም አልመለሰልኝም። እዚያው ከደጃፉ ቁጭ አልሁ።

ከቀትር ጀምሮ መሞትሽን ረስቼው ውዬ ነበር። አንቺን አልረሳሁም፤ መሞትሽን ነው እንጂ። ስፈራው የኖርሁት ሳቅ ከሰው ሁሉ አስቀድሞ የመለሰኝ ወደ አንቺ ነው። ይህን ሳውቅ አለቀስሁ። ከቀብርሽ ወዲህ እንደዚያ ቀን አልከበደኝም፤ እንደዚያ ቀንም አልቀለለኝም።

ዛሬም ደክሞኛል፣ አልዋሽሽም፤ ክንዴም ገና አልተነሣልኝም። ግን ሰው መሐል እወጣለሁ። የሰማሁትን ሁሉ፣ የሚያስቀውንም፣ ይዤልሽ እገባለሁ። ከአጥሩ በር ላይ ስምሽን መጥራቴንም አልተውም፤ ጎረቤት ቢሰማም ይስማ።