ዝም ያለው መተንፈሻ

ውድ ባለቤቴ፣

እንደምን ሰነበትክ ብዬ አልጀምርም፤ እንዳልሰነበትክ አውቃለሁ። የምጽፍልህ የመጥለቂያ መሣሪያ ከምጠግንበት ወርክሾፕ ነው። እናትህ "ደወለ?" እያሉ በሩን ይመላለሱበታል። እኔም መፍቻ የጠፋብኝ መስዬ ጎንበስ እላለሁ።

ሳቂታው ከሞተ ወዲህ ምን እንደሆንክ ለማንም ተንፍሼ አላውቅም። ያ መተንፈሻ ጎማውን ነክሶ እንኳ የሚስቅ ጓደኛህ! ከመርከብ ሆድ ሥር ሆናችሁ ዝገት ስትፍቁ ውኃው ደፈረሰ፤ የራስህን እጅ እንኳ አታይም። መኖሩን የምታውቀው ከጎንህ በሚቡለቀለቀው አረፋ ብቻ ነበር። ከዚያ አረፋው ቆመ። ዳብሰህ እስክታገኘው ረፍዶ ነበር።

ሥራ የተመለስክ ዕለት ገና ከመጥለቅህ ወጣህ።

"የራሴ አረፋ ጆሮዬ ሥር ቡልቅ ባለ ቁጥር የሱ ይመስለኛል" አልከኝ። "አሁን ሊቆም ነው፣ አሁን ሊቆም ነው እያልኩ ነፍሴ ትወጣለች።"

እኔ መሣሪያ እንጂ ሐዘን መጠገን አልችልም። ስለዚህ በምችለው መጣሁ። አረፋውን ግራና ቀኝ የሚከፍል ሰፊ የጎማ ክዳን ገጠምኩልህ፤ ከመነጽርህ ፊት ዞር አለ፣ ድምፁ ግን እዚያው። የትንፋሽ መውጫውን በቱቦ ወደ ማጅራትህ ብወስደው ደግሞ አየሩ ሳትስበው ይንዠቀዠቅ ጀመር። በመጨረሻ ከመጋዘን አቧራ የጠጣ ባለ ሁለት ቱቦ አሮጌ የመተንፈሻ ሬጉሌተር አገኘሁ፤ አረፋውን ከጭንቅላት ኋላ የሚለቅ። ያረጁትን ጎማዎች ለወጥኩ፣ አጠብኩ፣ ራሴ ተነፈስኩበት።

አለቃችን አየኝና "አንቺ ሴትዮ፣ ሰውየውን ሐኪም ጋ ውሰጂው እንጂ" አለኝ። በዚህ ጆሮዬ ሰምቼ በዚያኛው አፈሰስኩት።

መለማመጃ ገንዳው ውስጥ ስትገባ ጠርዙ ላይ ቆሜ ነበር። ወለሉ ላይ ረጋ ብለህ ስትቀመጥ ሳይ፣ በደስታ አለቃችንን በክርኔ ጎሸም አደረግኩት። ወዲያው እንደተባረረ ሰው ተወርውረህ ወጣህ። ፊትህ አመድ መስሏል።

"ምነው? ይጮኻል?"

"አይጮኽም።" መሣሪያውን ከላይህ አወለቅክ። "ዝም አለ። ልክ እንደዚያን ዕለት ዝም አለ።"

በእርጥብ ልብስህ በበሩ ወጣህ፤ ወጥተህ ቀረህ።

ሆስፒታል በለው ፖሊስ ጣቢያ፣ ያልረገጥኩት ደጅ የለም። ትናንት ስልኬ ጮኸ። "አንተ ነህ?" ብል ተዘጋ። መልሼ ብደውል የሕዝብ ስልክ ነው አሉኝ፤ ከወዲያኛው ወደብ። እናትህ "እሱ ነው፣ ማኅፀኔ ያውቀዋል" ብለው ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ፤ ማንሣት አቃተኝ፣ አብሬያቸው ተቀመጥኩ። ይህንን ደብዳቤ ወደዚያ ለሚሄደው የጭነት መኪና ሾፌር እሰጠዋለሁ። ጠላቂዎች ከሚውሉበት ሁሉ እየጠየቀ እንዲያደርስልኝ በልጆቹ ለምኜዋለሁ።

ተመልሰህ ጥለቅ አልልህም። ሌላ መሣሪያም አልሠራልህም። ሐኪም ጋ ይዤህ ልሂድ፤ እምቢ ካልክም ዝም ብለን እንቀመጥ። ብቻ በሕይወት ና። እኔም እየሰጠምኩ ነው፣ ደረቅ መሬት ላይ ቆሜ።

ባሕሩን ተወው። እኔን ግን አትተወኝ።

አሁንም ሚስትህ