በመንኮራኩርሽ ውስጥ ስላለው አሳንሰር

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11 ቀን
ከሰዓት በኋላ

ይድረስ ለዓይኔ ማረፊያ፣ ለልጄ፤

እንደምን አለሽልኝ? እኛ አለን። "ደህና ነን" እንዳልልሽ አባትሽ ደህና አይደለም። "ደህና አይደለንም" እንዳልልሽ ደግሞ እንደ ሰሞኑ ሲስቅ ካየሁት ዓመታት አልፈዋል። ምን ብዬ እንደምነግርሽ ጨንቆኛል። በስልክ እንዳላወራሽ፣ የዓይኑ ብርሃን ከጠፋ ወዲህ ጆሮው የማይሰማው ነገር የለም፤ ኩሽና ውስጥ ብንሾካሾክ እንኳ "ምን አላችሁ?" ይላል። ስለዚህ ይህን በእጄ ጽፌ ለጎረቤታችን ለፋርማሲስቱ እሰጠዋለሁ፤ በስልኩ ፎቶ አንስቶ ይልክልሻል። አላነበውም ብሎ ምሎልኛል። ያነበዋል፣ አውቀዋለሁ፤ ግን ሌላ ማን አለኝ?

ነገሩ ይኸውልሽ። እሁድ አባትሽ ሊደውልልሽ ነው። እሱ ራሱ። ስለ አዲሱ መጽሐፍሽ ሊያመሰግንሽ ነው፤ የሚያመሰግንሽ ግን አንቺ ባልጻፍሽው ነገር ነው።

ቀስ ብዬ ልንገርሽ፣ በናትሽ አትቆጪኝ።

መጽሐፉ በፖስታ የደረሰ ቀን እጁን ዘርግቶ ሽፋኑን ዳሰሰው። "ወፍራም ነው" አለ። ቀጥሎ "እንደ መጀመሪያው ነው?" ሲለኝ ፖስታውን ማጣጠፍ ያዝኩ። በመጀመሪያው መጽሐፍሽ ጊዜ በጓደኞችሽ ፊት ያለውን እኔም አንቺም አንረሳውም፤ "የልጄ የጠፈር መንኮራኩር እንደተበላሸ አሳንሰር ነው፣ ስድስት ገጽ ተሳፍረን አንድ ፎቅ አልወጣንም" ያለውን። ጓደኞችሽ ሳቁ። አንቺ ሳህንሽን አስቀምጠሽ ወጣሽ። ከዚያ ወዲህ በኔ በኩል "ሰላም በይልኝ" ከማለት በቀር ለሱ አንድ ቃል አልተነፈስሽም። እሱም ያው ታውቂዋለሽ፤ ዕድሜ ልኩን አሳንሰር ሲጠግን ኖረ፣ የተበጠሰ ሽቦ ፈልጎ መቀጠል ያውቃል እንጂ ይቅርታ መጠየቅ የሚባል ነገር አልተማረም።

ሐኪሙ ኩላሊቱን አይቶ "ከእንግዲህ ቤቱ ይረፍ" ካለን ወዲህ ግን ከኔ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። "የልጄን መጽሐፍ አንብቢልኝ" አለኝ።

የመጀመሪያውን ቀን እንዳለ አነበብኩለት። ጠፈርተኛዋ ሴትዮ ከመንኮራኩሩ ውጪ ቆይታ ስትመለስ፣ በሩ "ከዚህ በፊት የተዘጉባትን በሮች ሁሉ አብሮ የሚዘጋ ይመስል፣ በማያልቅ ዝግታ" እያለ የሚሄደውን። እኔማ ልቤ ጥፍት ብሎ ነው ያነበብኩት። ቀና ብል ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሯል።

"ይብቃኝ" አለ። "ሰው አየር በሌለበት ቦታ ተንጠልጥሎ ስለ በር የሚያስብበትን ትንፋሽ ከየት ያመጣል? በሩ ተዘጋ ወይስ አልተዘጋም?"

"ታዲያ ሰው ያን ያህል ርቆ የሄደው ብሎን ሊያጠብቅ ነው?" አልኩት።

"አዎ! ብሎኑን ካላጠበቀ ይሞታላ!"

ከዚያ በኋላ ምሳም አልበላልኝ፣ አላናገረኝም። ዶሮ እንኳ ያን ያህል አያኮርፍም። በማግስቱ መጽሐፉን ስገልጥ ፊቱ ገና ግድግዳው ላይ ነበር። እኔ ምን ነካኝ መሰለሽ፣ "በሩ ተዘጋ። አየር ገባ። ሴትየዋ ተነፈሰች" ብዬ አነበብኩለት። ከራሴ ነው።

"እሰይ!" ብሎ ተነስቶ ተቀመጠ። "ይኼ ነው ወግ! በሩ ተንሸራታች ነው ወይስ በማጠፊያ የሚከፈት?"

እኔ ምን አውቅልሻለሁ! "ተንሸራታች ነው ይላል" አልኩት።

"እንደሱ ነው እንጂ። ልጄ ተማረች" አለና ሾርባውን ጨርሶ ጠጣ። አየሽ ልጄ፣ ጨርሶ ጠጣ። እንዴት አድርጌ ልተወው?

ልብስ ስሰፋ ነው የኖርኩት፣ ማሳጠር ሙያዬ ነው። ግን ሱሪ ሳሳጥር ባለቤቱ ፊቴ ቆሞ "እዚህ ጋ ይበቃል" ይለኛል። አንቺ እዚህ የለሽም። ስለ ከዋክብት ዝምታ አንድ ገጽ ሙሉ የጻፍሽውን "ጸጥ ያለ ነበር" ብዬ አለፍኩት።

ከዚያማ ነገሩ ከእጄ ወጣ። እሱ መጠየቁን አያቆምም። "ከታችኛው ክፍል ወደ ላይኛው በምን ይወጣሉ?" አለኝ አንድ ቀን። በመሰላል አልኩት፤ አንቺም መሰላል ነው ያልሽው። "በመሰላል? ያን ሁሉ ዕቃ ተሸክመው?" ብሎ ቱግ አለ። "ቆይ እንጂ፣ ቀጥሎ አሳንሰር ይላል" አልኩ። ይኸውልሽ፣ አሁን በመንኮራኩርሽ ውስጥ አንቺ የማታውቂው አሳንሰር አለ። ሁለት ገመድ አለው፤ አንዱ ቢበጠስ ሌላው ይይዘዋል። እሁድ ስለሱ መጠየቁ አይቀርም። እባክሽ ሁለቱን ገመድ እንዳትረሺ።

አንቺ የጻፍሽውን እኔ እንደማልወደው እንዳይመስልሽ። እሱ ሸለብ ሲያደርገው ኩሽና ገብቼ ከመጀመሪያው አነበዋለሁ፣ እንዳለ፣ አንድ ቃል ሳልነካ። ባለፈው ከአንዱ ዓረፍተ ነገርሽ ሳልወጣ ሽንኩርቱ አሮብኝ ቤቱን ጭስ ሞላው፤ አባትሽ ከመኝታ ቤት "ምንድን ነው የሚነደው?" ሲል "ምንም!" አልኩት። እኔ በባቡር ስሄድ እንኳ ቶሎ ባይደርስ ደስ የሚለኝ ሰው ነኝ። እሱ ደግሞ መድረስ ነው የሚፈልገው። አርባ ዓመት አብረን ስንኖር አንድም ቀን አንድ መጽሐፍ ለሁለታችን ጥሞን አያውቅም፤ በዚህ ተጣልተን አናውቅም ነበር፣ ያንቺ መጽሐፍ እስኪመጣ ድረስ።

ባለፈው ሳምንት ልንጋለጥ ነበር። እኔ መድኃኒት ላመጣ ወጥቼ ፋርማሲስቱ ስኳሩን ሊለካለት መጣ። አባትሽ "እስቲ ከቆምንበት ቀጥልልኝ" አይለው መሰለሽ! ያ ምስኪን ምልክቱ ካለበት ገጽ ጀምሮ እንዳለ ያነብለታል። ስመለስ ጩኸቱ ከደረጃው ይሰማል።

"አንተ ሰውዬ፣ ይህን ሁሉ ከየት አመጣኸው?"

"ጋሼ፣ እኔ ምን ቤት ነኝ የማመጣው? የተጻፈውን ነው ያነበብኩት!"

"ልጄን እኔ አላውቃትም? በአንድ መስመር ትጨርሰዋለች እሷ! ግጥም የምትወድ ከሆነ ቤትህ ሄደህ ግጠም!"

በሩ ላይ ቆሜ በዓይኔ ለመንኩት። ልጁ መቼም ጨዋ ነው፤ አየኝ፣ መጽሐፉን አየ፣ ገባው። "ይቅርታ ጋሼ፣ ትንሽ ላሳምረው ብዬ ነው" አለ። ስሸኘው ደግሞ ደረጃው ላይ ቆም ብሎ "እትዬ፣ እውነቱን ልንገርዎት፣ እኔ የልጅዎንም የእርስዎንም አልወደድኩትም። እኔ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ የሚተኮስበት ነው ደስ የሚለኝ" አይለኝም? በዚያ ጭንቀት ውስጥ አሳቀኝ።

ትናንት ጠዋት የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ ደረስን። ሽማግሌው መካኒክ ከተበላሸው በር ሥር ቁጭ ብሎ የሚሠራበት። ማን እንደሆነ አልነገርሽኝም፤ ግን ብሎን በጥርሱ ይዞ የሚያንጎራጉር ሰው በዚህ ዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው የማውቀው። ሦስት ገጽ ሙሉ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር፣ አራት ነጥብ የለው፤ ብርሃኑ ከሩቅ እየመጣ፣ ጣቶቹ መፍቻው ላይ እየላሉ። ላሳጥረው አፌን ከፈትኩ። ግን የሚያጥረው ወደ አንዲት ቃል ነው። ያቺን ቃል አጠገቡ ተቀምጬ፣ እጁን ይዤ፣ ማለት አቃተኝ። ገጾቹን አየኋቸው፤ አንቺም አንድ ቦታ እንኳ አልጻፍሻትም። ስለዚህ አንቺ እንደጻፍሽው አነበብኩለት፣ ሙሉውን። ድምፄ እየተቆራረጠ ነው የጨረስኩት።

አላቋረጠኝም። የወደደው መስሎኝ ነበር።

"ይኼ ያንቺ ነው" አለኝ።

"ምኑ?"

"እያለቀስሽ የጨመርሽው። ልጄ እንዲህ አትጽፍም። አልተቀየምኩሽም፣ ግዴለም። አሁን እሷ የጻፈችውን አንብቢልኝ።"

ያን ጊዜ መንገር ነበረብኝ። "እሷ የጻፈችው ይኼ ነው፣ ያ ሁሉ ነው የኔ" ልለው ምላሴ ጫፍ ላይ መጥቶ ነበር። ፊቱን አየሁት፤ ወደኔ ያዘነበለው አንቺን ለመስማት ነው። አቃተኝ ልጄ። እንዲሰማው ብዬ ገጹን አንዴ ገለጥ አደረግሁና "ሽማግሌው በሩን ጠገነ። ከዚያ ሞተ" አልኩ።

እጄን ጨበጥ አደረገኝ። "አየሽ? አልፈራችም" አለ። "የኔ ልጅ ናት።"

አንቺ ግን ፈርተሽ ነበር፣ እናቴ። ሦስት ገጽ ሙሉ ፈርተሽ ነበር፣ እኔም አብሬሽ። "ይህን ላንተ ስትል ነው የጻፈችው፣ ፍርሃቷ ነው ረጅም ያደረገው" ብዬ ልነግረው እየፈለግሁ ወደ ኩሽና ሄጄ ብርጭቆ ሳጥብ ቆየሁ። ንጹሑን ብርጭቆ ነው ያጠብኩት።

እንግዲህ እሁድ ያመሰግንሻል። "እሱን አልጻፍኩትም" ብትይው እውነትሽን ነው፤ አልፈርድብሽም፣ ማንም አይፈርድብሽም። "እሺ አባዬ፣ አመሰግናለሁ" ብትይው ደግሞ ስንት ዓመት የደከምሽበትን በገዛ አፍሽ መካድ ነው፤ ያንን አድርጊልኝ ብዬ እንዴት አፌን ሞልቼ እለምንሻለሁ? ሌላ ጊዜ ቢሆን እንዲህ አድርጊ፣ እንዲያ አድርጊ እልሽ ነበር። አሁን ምክሬ አልቋል። ከዚህ እሁድ በኋላ ሌላ እሁድ እንዳለው ግን ቃል ልገባልሽ አልችልም። የፈለግሽውን በዪው፤ ብቻ ሲደውል አንሺለት።

እጅሽ አይዛልብኝ። የጀመርሽውን ሁሉ እስክትጨርሺ የሚያቋርጥሽ አይግጠምሽ። ክፉ አይንካሽ፣ ሆድ አይባስሽ፤ በሄድሽበት ሁሉ የሚሰማሽ ሰው ይስጥሽ።

ቃልሽን ያሳጠርኩብሽ
እናትሽ