የስምንት ቁጥር መስታወት

ለታላቅ እህቴ፣

እትዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽስ እንዴት ነው? ያ ደረጃ አልወጣም ያለው ጉልበትሽ ተሻለው ወይስ እንደ ወንድምሽ ሐሳቡን የማይቀይር ሆነ? ዓይንሽስ? ይህን ደብዳቤ ራስሽ እንድታነቢው ብዬ ፊደሉን አጉልቼ ጽፌዋለሁ፤ ለማንም ሰጥተሽ እንዳታስነብቢ፣ ለአንቺ ብቻ የሚሆን ነገር አለበት። ሴት ልጅሽ ደህና ናት? ባሏስ ሥራ ተስማማው? የልጅ ልጆችሽ አደጉ? እየጮኸ እንቅልፍ ነሳኝ ያልሽው ማሞቂያስ ተሠራ? እኛ ደህና ነን። የእኔ ወገብ በብርድ ይኮርፋል፣ በፀሐይ ይታረቃል፤ ከዚህ በቀር የሚያስወራ በሽታ የለኝም።

ባለቤቴ "በስልክ አትነግራትም ወይ?" አለችኝ። በስልክ የሚባል ነገር ሳይታሰብ ይወጣል፣ ሳይጨበጥ ይጠፋል። እንደምታውቂው እኔ ፊደል የለየሁት አስተማሪ ኖሮኝ ሳይሆን የአውቶቡስ ትኬት ጀርባ እያነበብኩ ነው። ለፍቼ ያገኘሁትን ነገር ለስልክ ብዬ አልጥልም። ደግሞ ባለፈው ደብዳቤሽ መጨረሻ እንደ ልማድሽ "መስታወትህን ጥረግ" ብለሽኛል። በአፍም በደብዳቤም አርባ ሁለት ዓመት ሙሉ ይህችን ቃል ስትወረውሪብኝ አንድም ቀን መልስ ሰጥቼሽ አላውቅም። ዛሬ እመልሳለሁ፤ ግን በተራዋ ነው። አውቶቡስ ፌርማታ አይዘልም።

ስምንት ቁጥር ተለወጠ። ሠላሳ አንድ ዓመት ነድቼ ጡረታ የወጣሁበትን መስመር ማዘጋጃ ቤቱ ከራሱ ድርጅት ነጥቆ ለአንድ የግል ኩባንያ ሰጠው። ቀዮቹ አውቶቡሶች ሄዱ፤ የመጡት ሰማያዊ ናቸው፣ በኤሌክትሪክ የሚሄዱ። እንደ ስልክ ተሰክተው ሲሞሉ ያድራሉ። ወለላቸው ዝቅ ያለ ነው፤ ጉልበቷን የሚያማት ሴት ሳትንጠላጠል ትገባለች፣ ይህን አልክድም። ድምፅ ግን የላቸውም። አጠገብሽ መጥተው እስኪቆሙ አትሰሚያቸውም። የእኔ አውቶቡስ ገና ዳገቱን ሲጀምር ሰፈሩ ሁሉ ይሰማው ነበር፤ እናቶች ልጆቻቸውን ለትምህርት ቤት የሚቀሰቅሱት በእሱ ጩኸት ነበር። ምሳዬንም የማሞቀው በሞተሩ ክዳን ላይ ነበር። በእነዚህ ላይ ምን ይሞቃል?

ትኬት ቆራጭም ቀርቷል። መግቢያው ላይ ማሽን አለ፣ ካርድ ስታስነኪው ጢጥ ይላል። የእኔን ትኬት ቆራጭ ታስታውሺዋለሽ፤ መልስ በተጠየቀ ቁጥር ሌላ ቃል ወጥቶት ስለማያውቅ ተሳፋሪው "ዝርዝር የለም" ብሎ ስም ያወጣለትን። ማሽኑን ከላይ እስከ ታች አየውና "ይሄስ ከእኔም ይብሳል፤ እኔ ቢያንስ ይቅርታ እላለሁ" አለ። ይቅርታ ሲል ሰምቼው አላውቅም።

ይህን ሁሉ እችለው ነበር። የመረረኝ ከቤታችን ፊት ለፊት ያለችውን ፌርማታ ማንሣታቸው ነው። ምልክቱን ከነምሰሶው ነቅለው ሁለት መቶ አሥራ ሁለት እርምጃ ወደ ታች ወሰዱት፤ አግዳሚ ወንበሩን ብቻ ትተውልን ሄዱ። ሦስት ገጽ አቤቱታ ጻፍኩ። በአራት መስመር መለሱልኝ፦ አዲሱ አውቶቡስ ረጅም ስለሆነ እዚያ ሲቆም ኋላው ኩርባው ላይ ይቀርና መንገድ ይዘጋል አሉ። እውነቱን ለአንቺ ልንገርሽና፣ እኔም በሾፌርነቴ ያቺን ፌርማታ ስረግማት ነው የኖርኩት። ይህን ግን ለእነሱ አልጻፍኩም።

የባሰው የልጄ ነገር ነው። አንቺ "ድክድክ" እያልሽ እጁን ይዘሽ መራመድ ያስተማርሽው ልጄ በእኔው መስመር አሥራ ሦስት ዓመት ነድቷል። መስመሩ ሲሰጥ ሾፌሮቹን "ወይ ወደ አዲሱ ኩባንያ ግቡ፣ ወይ እዚሁ መጋዘን ውስጥ ጎማ ቁጠሩ" አሏቸው። እሱም መንዳቱን መረጠና ሰማያዊውን ሸሚዝ በፌስታል ይዞ ሊነግረኝ መጣ። እኔ "ያንን የለበሰ ሰው በዚህ ገበታ አይቀመጥም" አልኩት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ሸሚዙን ሳያወጣው ከነፌስታሉ ይዞ ወጣ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰባት ወር ሆድና ጀርባ ሆነን ከረምን።

እናቱ እኔን ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ካርድ አወጣች። ጉዳይ ኖራትም አልኖራትም በየሁለት ቀኑ ተሳፍራ ከሾፌሩ ኋላ ካለችው ወንበር ትቀመጣለች። ስትመለስ ለእኔ ሳይሆን ለግድግዳው ታወራለች። "ከስቷል" ትለዋለች ግድግዳውን። "ሳል ይዞታል።" "ትንሿ ልጁ የፊት ጥርሷ ወለቀ።" እኔ ጋዜጣ የማነብ እመስላለሁ።

እኔም በበኩሌ እምቢ አልኩ። በየቀኑ ጠዋት ኮቴን ለብሼ፣ ባርኔጣዬን ደፍቼ ምሰሶው ከተነቀለበት ጉድጓድ አጠገብ እቆማለሁ። ስምንት ቁጥር ሲመጣ እጄን አነሣለሁ። ሾፌር ሁሉ ያልፈኛል። ልጄም ያልፈኛል። ዝርዝር የለም አግዳሚው ላይ ተቀምጦ "አንተ ሰውዬ፣ ምሰሶውን ነቅለው አንተን ተከሉ እኮ፤ ትንሽ ብትቆይ ቁጥር ይለጥፉብሃል" ይለኛል። የሰፈሩ ሰው ድሮም "ፌርማታ" ነው የሚለኝ፤ ከፌርማታ ውጭ ለከንቲባም አልቆምም ስላልኩ የወጣልኝ ስም ነው።

ይህንኑ ሕግ ለልጄ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። "ለአንዱ ከቆምክ ለሁሉ ትቆማለህ፤ ለሁሉ ከቆምክ ማንም በሰዓቱ አይደርስም" ብዬዋለሁ። ቃሌን ጠብቆ ሲያልፈኝ እናደዳለሁ፣ በሆዴ ደግሞ "ጎበዝ" እላለሁ። ለሰሚው ግራ ነው። ባለቤቴ አንድ ቀን ግድግዳውን ትታ ፊት ለፊቴ መጣች። "አውቶቡሱ ላይ ካሜራ አለ። ከፌርማታ ውጭ የቆመ ሾፌር በዚያው ቀን ይባረራል። ልጅህ ቢቆም ሥራው ይሄዳል፣ ባይቆም ሰፈር እያየው አባቱን ጥሎ ያልፋል። የቱን እንዲያደርግልህ ነው እጅህን የምታነሣው?" አለችኝ። ምላሷ ስለት እንደሆነ ታውቂያለሽ። በማግስቱ ጭራሽ ቀደም ብዬ ወጣሁ።

ያን ዕለት፣ ማክሰኞ ነው፣ ዝናቡ እንደ ጉድ ይወርዳል። ዝርዝር የለም እንኳ አግዳሚውን ትቶ በራችን ጥግ ተጠልሎ "ግባ እንጂ፣ ዛሬስ ሐውልትም ይጠለላል!" እያለ ይጮኻል። ጃንጥላ አልያዝኩም፤ እጅ ለማንሣት አይመችም። ልጄ መጣ። መጥረጊያው የፊቱን መስታወት ግራ ቀኝ ሲጠርገው አየሁት፤ እውነትም ከስቷል። እጄን አነሣሁ። አውቶቡሱ ቀዝቀዝ አለ። ከዚያ ፍሬቻው በራ።

እትዬ፣ ለሾፌር ፍሬቻ ቃል ነው። ሊቆም ነው። ለእኔ ብሎ ሥራውን፣ የሚስቱንና የልጁን ኑሮ፣ ከእኔ የተማረውንም ሕግ ሊጥል ነው። ሰባት ወር ሙሉ ይህን ስጠብቅ ኖሬ ሲመጣ ደነገጥኩ። እጄን አወረድኩና እኛ ሾፌሮች "መንገዱ ክፍት ነው፣ እለፍ" እንደምንባባለው መዳፌን ወደፊት ገፋ ገፋ አደረግኩ። ጎማው ሊቆም ምንም አልቀረው። "እለፍ!" ብዬ ጮህኩ። ፍሬቻው ጠፋ፤ አለፈ።

ከዚያ በኋላ እዚያ መቆሙ ለምን ይበጃል? ወደ አዲሱ ፌርማታ ወረድኩ። መንገዱ ስላንሸራተተኝ ሁለት መቶ አሥራ ሁለቱ እርምጃ ሁለት መቶ ሠላሳ ሆነብኝ። ፌርማታው ጣራ አለው፣ ወንበሩ ግን ብረት ነው፣ መቀመጫ ያቀዘቅዛል። ልጄ ዞሮ እስኪመለስ አንድ ሰዓት ይፈጃል፤ የመስመሩን ዙር ማንም አይነግረኝም። በየአሥራ አምስት ደቂቃው ሌላ ስምንት ቁጥር መጥቶ በሩን ይከፍትና "አባባ፣ አይሳፈሩም?" ይለኛል ሾፌሩ። "የእኔ አልመጣም" እላለሁ። ዝርዝር የለም ጃንጥላ ይዞ ተከትሎኝ መጣና አጠገቤ ተቀመጠ።

ያቺን አንድ ሰዓት ስጠብቅ ነው የእናታችንና የአንቺ ነገር የመጣብኝ። ሥራ በጀመርኩ በመጀመሪያው ዓመት ነው። በሐኪም ቤቱ ፌርማታ ቆሜ ሰው አወርዳለሁ። እናንተ ከግቢው በር ወጣችሁ፣ የእናታችን እግር በፋሻ ተጠቅልሎ። ሠላሳ እርምጃ ይቀራችኋል። እሷ አንቺን ተደግፋ እጇን አነሣች። እኔ በሩን ዘጋሁና ሄድኩ። ቀጣዩ አውቶቡስ ከአንድ ሰዓት በኋላ ነበር፤ ያን ቀንም ዝናብ ነበር። ቤት ስገባ "የጎኑ መስታወት በዝናብ ደብዝዞ ነበር፣ አላየኋችሁም" አልኩ። እናታችን "ካላየ ምን ያድርግ ልጄ" ብላ ራቴን አቀረበችልኝ። አንቺ የእሷን እርጥብ ፋሻ እየፈታሽ፣ ቀና ሳትዪ፣ "እንግዲያው መስታወትህን ጥረግ" አልሽ። ከዚያ ወዲህ እናታችን አረፈች፣ አንቺ ባሕር ተሻገርሽ፣ እኔም ጡረታ ወጣሁ። ያቺ ቃል ጡረታ አልወጣችም።

ልጄ ተመለሰ፣ በሩ ተከፈተ፣ ገባሁ። ለካ ካርድ የለኝም። ልጄ ፊቱን ወደ መንገዱ እንዳደረገ "አባዬ፣ ያለ ካርድ አይቻልም" አለኝ። ሰባት ወር ያልተነጋገረ ልጅ ለአባቱ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል ይኸው ነው። ልቆጣው አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት፤ እኔም ብሆን ያንኑ ነበር የምለው። ዝርዝር የለም በትከሻዬ ላይ እጁን አሾልኮ የራሱን ካርድ ሁለት ጊዜ አስነካና "ዛሬ ዝርዝር አለ!" አለ። አውቶቡሱ ሙሉ ሳቀ።

በእናቱ ወንበር ተቀመጥኩ። ፊት ለፊቴ "በጉዞ ላይ ሾፌሩን ማነጋገር ክልክል ነው" የሚል ተለጥፏል፤ ስለዚህ አላነጋገርኩትም። አነዳዱን ግን አሥራ አራት ፌርማታ ሙሉ ተከታተልኩት። ኩርባ ላይ እንደ እኔ አስቀድሞ ይቀንሳል። አሮጊት ስትገባ ደግሞ ሳትቀመጥ አይንቀሳቀስም። ይህን ሁለተኛውን ከእኔ አልተማረም።

መጨረሻው ላይ ስንደርስ ሰው ሁሉ ወረደ። ሞተሩ መጥፋቱንም አላወቅሁ፣ ድሮስ መቼ ይሰማል። ልጄ ወደ እኔ ዞሮ "እጅዎን ለምን አወረዱት?" አለኝ። "ፍሬቻህን አይቼ" አልኩት። ነገሩን ላቀልለት ብዬ "ሰባት ወር ሙሉ አላየኸኝም ይሆናል፤ ኩርባ ነው" አልኩት። አዎ ቢለኝ በዚያው ያልቅ ነበር። እሱ ግን "አልዋሽዎትም አባዬ፣ በየቀኑ አይዎት ነበር። ካለፍኩዎትም በኋላ ኩርባው እስኪሰውርዎት ድረስ በጎኑ መስታወት እከተልዎት ነበር" አለኝ።

"እሑድ ለምሳ ና፣ ከነሸሚዝህ" አልኩት። መጣ። ከነሸሚዙ ተቀመጠ። ባለቤቴ ለግድግዳው "ቀለሙ ለካ ያምርበታል" አለችው። እኔ ኩባንያው ልክ ነው አላልኩም፣ አልልምም። አዲስ አቤቱታ ጽፌያለሁ፤ የአዲሱ ፌርማታ ወንበር በእንጨት ይቀየር የሚል ነው።

ባለቤቴ በጣም ናፍቃሻለች፤ ስትመጪ ከሾፌሩ ኋላ ያለችውን ወንበር ለአንቺ እለቃለሁ ትላለች። ልጄ ጉልበቷን ሳምልኝ ብሏል፤ ትንሿም ጥርስ ባጣ አፏ ሰላም ትልሻለች። ዝርዝር የለምም እንደዚሁ። ለሴት ልጅሽ፣ በልጅነቷ ከረሜላ ሳልገዛላት ስላለፍኩባቸው ቀናት ሁሉ አጎትሽ ሰላም ይልሻል በያት። ለባሏ የአክብሮት ሰላምታዬን አድርሺልኝ፣ የልጅ ልጆችሽንም በየግንባራቸው አንድ አንድ ጊዜ ሳሚልኝ።

አንቺን ግን ለብቻሽ ነው ሰላም የምልሽ፤ ተራሽ ደርሷል። ልጄ ያልዋሸኝን ውሸት እኔ ለእናታችንና ለአንቺ ዋሽቻለሁ። እሷ ስለሌለች ለአንቺ እናገራለሁ፤ ይቅር ማለትም መከልከልም የአንቺ ነው። ያን ቀን መስታወቱ ንጹሕ ነበር፣ እትዬ። ጠዋት በገዛ እጄ ጠርጌዋለሁ። እጇን ስታነሣ አየኋት፣ አንቺንም አየሁሽ፤ በሩን ከዘጋሁ በኋላም ኩርባው እስኪሰውራችሁ ድረስ አየኋችሁ።

ታናሽ ወንድምሽ

ምሰሶው ከተነቀለበት ፊት ለፊት ካለው ቤት፤ ሐሙስ ረፋድ ላይ፣ ዝናቡ ካባራ በኋላ ተጻፈ።